በአቮካዶው ዛፍ ላይ የተሰቀለው ኮት

በኮምፎርት ጋፕ ፍርድ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳያነብ ያለፈ ሰው የለም፤ አንብቦም በሆዱ ያልተራገመ የለም። እጅጌ የሌለው ልብስ ክልክል ነው። ቁምጣ ክልክል ነው። ካኒቴራ፣ ነጠላ ጫማ፣ እምብርት የሚያሳይ ሸሚዝ፣ ፀጉር ላይ የተጠቀለለ ቢጎዲን ክልክል ነው። ጽሑፉን የጃማይካ ፀሐይ ልሳ ልሳ አደብዝዛዋለች። ዘበኛው ማስ ሴፋስ ግን አልደበዘዘም። ወንበሩን በሩ መሐል አስቀምጦ የመጣውን ሰው ሁሉ ከጫማው ጀምሮ ወደ ላይ ያነበዋል።

«እጅጌ» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

እጅጌ የተባለችው ሴት ትለምነዋለች። ከተራራው ማዶ መኪና እየቀያየረች እንደመጣች፣ ስሟ አሁን ሊጠራ እንደሆነ ትነግረዋለች። ማስ ሴፋስ ራሱን ይነቀንቅና በአገጩ ወደ መንገዱ ማዶ ያሳያታል።

ማዶ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ኤርሰል ዴከርስ በላስቲክ የታሰረ ጭማቂ በበረዶ ሣጥን አድርጋ ትሸጣለች። ከበላይዋ፣ በየቅርንጫፉ ላይ፣ ልብስ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሸሚዞች፣ ጉርድ ቀሚሶች፣ ክራቫቶች፣ ሹራቦች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በማሰሪያቸው የተንጠለጠሉ ጫማዎች፣ እና አንድ ሰፊ ሰማያዊ ኮት።

«ዙሪ እስቲ» ትላለች ኤርሰል፤ ሴቲቱን ወደ ብርሃን አዙራ ታያታለች። «ሰማያዊው ይሆንሻል።»

«ስንት ነው?»

«የሚሸጥ አይደለም። ስትወጪ እዚሁ ቅርንጫፍ ላይ መልሰሽ ትሰቅዪዋለሽ።»

ኤርሰል ለፍርድ ቤት የሚሆነውንና የማይሆነውን ልብስ እንደ ዓሣ ሻጭ ታውቀዋለች፤ ትኩሱንና የቆየውን በዓይኗ ትለያለች። ጥቁር በጥቁር ለብሳ የመጣችውን «ሳይፈረድብሽ ሐዘን ተቀመጥሽ?» ትላታለች። ቀይ ለብሳ የመጣችውን ታስቀይራታለች፤ ቀይ ጠብ ይጠራል። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን እንደ ትሪ አስፍታ የመጣችውን አንዲት አሮጊት «እማማ፣ የተከሰሱት እርስዎ ነዎት ወይስ ባርኔጣዎ?» ብላ ባርኔጣውን በአደራ ተቀብላታለች። ከሁሉ በላይ የምትጠላው የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። «የዳኛዋ ዓይን ጨርቅሽ ላይ ከዋለ ጆሮዋ አንቺ ጋ አይደርስም» ትላለች።

አንድ ቀን የልጅ ቀለብ የተጠየቀ ወጣት ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ከሣጥኑ የወጣ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ማስ ሴፋስ ምንም የሚከለክለው ነገር አላገኘበትም። ኤርሰል ግን ከማዶ ጠራችው።

«ልጄ፣ ዛሬ ለዳኛዋ ምን ልትላት ነው?»

«የለኝም ልላት ነው።»

«ጫማህ አለኝ እያለ ነው። አውልቀው።»

ዛፉ አንድ ሕግ ብቻ አለው። ከየትኛው ወገን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ከሳሽም ተከሳሽም ያው ሰው ነው፤ የሁለቱም ስም ይጠራል። ሊፋቱ የመጡ ባልና ሚስት በአንድ ማለዳ እሱ ክራቫት እሷ ሹራብ ተውሰው ገብተዋል። ሲወጡም ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሰቅለውት ሄደዋል።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ የኮክ ቀለም ቀሚስ ነው።

የኤርሰል እናት አፈሩ ቀይ በሆነበት ተራራ ላይ የተማሪ ቤት ደንብ ልብስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። ለታላቅ ልጇ ሠርግ ኤርሰልን ሚዜ ልታደርጋት፣ ትከሻው ክፍት የሆነ የኮክ ቀለም ቀሚስ ሰፋችላት። በእጇ የሰፋችው የመጨረሻው ልብስ ይኸው ሆነ። እናትየው እንደሞተች የአጎት ልጅ መጥቶ ቤቱ የኔ ነው አለ። ኤርሰል ከሰሰች። በቀጠሮው ቀን ካላት ሁሉ የሚበልጠውን፣ እናቷ ያለችበትን ልብስ ለብሳ ሄደች።

ማስ ሴፋስ ያኔ ጎልማሳ ነበር። «እጅጌ» አላት።

ያኔ በማዶ የተሰቀለ ነገር አልነበረም። ኤርሰል ባዶ ትከሻዋን በሁለት እጇ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ችሎት አስከባሪው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ስሟን ጠራ። አቤት አለች፤ ከውጭ የሚመለስ አቤት ግን አይቆጠርም። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ሦስት ጊዜ አቤት አለች፤ መስኮቱ ተዘጋ። መዝገቡም ተዘጋ። ቤቱ ለአጎቷ ልጅ ቀረ። ይግባኝ የሚባለውን ነገር የሚያስረዳት ሰው አላገኘችም።

ከዚያ ወደ ሰልባጅ ተራ ወርዳ ከክምሩ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ኮት መረጠች፤ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት፣ ወፍራምም ቀጭንም የሚገባበት። በሚቀጥለው ሰኞ ዛፉ ላይ ሰቀለችው። ስሙ እየተጠራ ውጭ የሚቆም ሰው ሁለተኛ ማየት አልፈለገችም። ሌላውን ልብስ ሰዎች ናቸው ያመጡት። ጡረታ የወጡ ጠበቆች፣ የታረቁ ጎረቤቶች፣ አንዳንዴም የተፈረደባቸው ሰዎች ዘመዶች።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ኦስዊን ታሎክ የሚባል አዲስ ደንብ አስከባሪ አመጣ። ታሎክ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሥራውን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ነው። አንድ ማለዳ ልብሱን ሁሉ ከቅርንጫፉ እያወረደ በሩዝ ጆንያ ሞላው።

«ኤግዚቢት ነው» አለ።

«ምን አደረገ ልብሱ?» አለች ኤርሰል።

«ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ልብስ መነገድ ክልክል ነው። ሰው ልብስ ሲወስድ አይቻለሁ፣ ሳንቲም ሲሰጥዎትም አይቻለሁ።»

«ሳንቲሙ የጭማቂ ነው።»

«እሱን ለዳኛዋ ይንገሩ» ብሎ መጥሪያ ሰጣት። ከተፈረደባት የጭማቂ ፈቃዷም ይነጠቃል፤ ዛፉም ሥር ሁለተኛ አትቀመጥም።

ከዝርፊያው የተረፈ አንድ ልብስ ብቻ ነበር። ሰማያዊው ኮት ያን ቀን ሊታጠብ ቤት ቀርቶ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከጎኗ ብርቱካን የምትሸጠው ቪኔት ልታያት መጣች። ኤርሰል ያላትን ልብስ ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታ በመካከሉ ተቀምጣለች።

«አገር ምድሩን ያለበሰች ሴት» አለች ቪኔት የካሳቫ ቂጣዋን እያኘከች፤ «ለራሷ ስትሆን ራቁቷን ልትሄድ ነው?»

«ዝም በይና ምረጪልኝ።»

«ግራጫው።»

«ግራጫው አጥፍቻለሁ ይላል።»

«ባለ አበባው።»

«ባለ አበባው ለሽርሽር መጣሁ ይላል።»

«እንግዲህ የሚያወራ ልብስ ካለሽ እሱ ይከራከርልሽ፣ አንቺ ቤት ቅሪ።»

ኤርሰል ሳቀችና ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ጎትታ የኮክ ቀለሙን ቀሚስ አወጣች። ቪኔት ቂጣዋን አስቀመጠች።

«እሱ ልብስ ገደኛ አይደለም፣ ኤርሰል።»

«ልብሱ ምን አደረገ? የመለሰኝ በሩ ነው። ላዩ ላይ ኮቱን እደርባለሁ፤ እጅጌ ካሉኝ እጅጌ ይኸው። አንድ ጊዜ ችሎት ፊት መቆም አለበት። እናቴ ለዚህ አልሰፋችውም፤ ቢሆንም መግባት አለበት።»

ቀሚሱ ግን አልዘጋ አለ። ሠርጉ የተሠረገው ኤርሰል ሸንበቆ በነበረችበት ዘመን ነው። ገልብጣ ስታየው በግራና በቀኝ በኩል ስፌቱ ውስጥ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። እናቷ ለተማሪዎቹ ደንብ ልብስ እንደምታደርገው ሁሉ፣ ልጅ ታድጋለች፣ ሴት ትወፍራለች ብላ ያስቀረችው ነው። ኤርሰል የድሮውን ስፌት በምላጭ ፈትታ ትርፉን ለቀቀችው። የተለቀቀው ጨርቅ ፀሐይ አላየውምና ከሌላው ይልቅ ደማቅ ነበር። በጎንና ጎኗ እንደ አዲስ ጽጌረዳ ሁለት መስመር ሆኖ ወጣ። ለበሰችው። ልክ ሆነ።

«እናትሽ ዛሬ ስንት ኪሎ እንደምትሆኚ ታውቅ ነበር» አለች ቪኔት፤ ሌላ ቀልድ አልመጣላትም።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ሲያበራ ኤርሰል ከቪኔት ጋር ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነበረች። ኮቱ ስታርች ገብቶት፣ በካውያ ተመትቶ፣ ጥርት ብሏል። ማስ ሴፋስ ከጫማዋ ጀምሮ ወደ ላይ አነበባት፤ የቀሚሱ ቀለም ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። አስታውሶታል። ከነወንበሩ ገለል አለላት።

ሊገቡ ሲሉ ከኋላቸው የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። ታሎክ ነበር። ከላይ እስከ ታች በቀይ ጭቃ ተለስኗል፤ አንድ ሚኒባስ አጠገቡ በኩሬ ውስጥ አልፎ አጥቦታል። የአካባቢው ቀይ አፈር ደግሞ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ነው። ደንብ ልብሱን አውልቆ በክንዱ ይዟል፤ ገላው ላይ የቀረው ወንፊት የመሰለ ካኒቴራ ነው።

«ካኒቴራ» አለ ማስ ሴፋስ።

«ማስ ሴፋስ፣ እኔን አታውቀኝም? የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ነኝ።»

«የማዘጋጃ ቤቱን ሰው አውቀዋለሁ። ካኒቴራውን ግን አላውቀውም።»

«ሸሚዜን ልልበሰው?»

«የጭቃ ግድግዳ ለበስኩ ማለት ይሻላል። አይቻልም።»

ታሎክ ዞሮ ወደ አቮካዶው ዛፍ ተመለከተ። ከበሩ የተመለሰ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። ዛፉ ባዶ ነበር። ራሱ ነው ባዶ ያደረገው።

ቪኔት የኤርሰልን ክንድ ጨበጠች። «ዝም ብለሽ ግቢ» አለቻት በሹክሹክታ። «ከሳሹ እሱ ነው፣ ምስክሩ እሱ ነው። እሱ ካልገባ ዳኛዋ መዝገቡን ትዘጋዋለች። እግዜር ነው በሚኒባስ የመጣልሽ፣ ግቢ።»

ኤርሰልም ገባት። መግባት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

በዚህ ጊዜ መስኮቱ ተከፈተና ችሎት አስከባሪው ብቅ አለ። «ኤርሰል ዴከርስ! ኦስዊን ታሎክ!»

«አቤት» አለ ታሎክ ከውጭ።

ኤርሰል ቆመች። ያንን አቤት ታውቀዋለች። ከውጭ የሚመለስ አቤት ምን እንደሚመስል፣ መንገዱ ላይ ወድቆ እንዴት እንደሚቀር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ትልቅ ክንዱን በደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እሷ ያኔ በቆመችበት ድንጋይ ላይ ቆሟል።

የኮቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«አንቺ ሴትዮ አበድሽ» አለች ቪኔት።

«ዛፉ ወገን አይጠይቅም።»

«ዛፉ አልተከሰሰም፣ አንቺ ነሽ የተከሰስሽው።»

«ዛሬ ከጠየቅኩ በምን ፊቴ ነው ነገ የምሰቅለው?» አለችና ኮቱን ለታሎክ ዘረጋችለት። «ልበስ። ጀርባው ሰፋ ስላለ ይይዝሃል። ስትወጣ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ መልሰህ ስቀለው።»

ታሎክ እጁን ለመዘርጋት ዘገየ። ቀይ ጭቃ ያልነካው የፊቱ ክፍልም ቀላ። «ሚስ ኤርሰል፣ እኔ እኮ…»

«ስምህ እየተጠራ ነው።»

ለበሰው። እጅጌው ክርኑ አጠገብ ቆመ፣ ቁልፉም በሴት ወገን ነው፤ ማስ ሴፋስ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበውና አሳለፈው። ከዚያ ወደ ኤርሰል ዞረ። ባዶ ትከሻዋ ላይ ዓይኑን ማሳረፍ አቃተው።

«ሚስ ኤርሰል፣ አታድርጊው» አለ። «ያንን ቃል ሁለተኛ ካፌ እንዳታስወጪኝ።»

«ሥራህ ነው፤ በለው፣ ማስ ሴፋስ።»

«እጅጌ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልወጣም።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በር ላይ፣ አንዲት ልጅ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ሻኖያ ትባላለች። አምና ለምስክርነት ስትመጣ ከዛፉ ላይ ነጭ ሹራብ ተውሳ ነበር። ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሥራ አገኘች። የመድኃኒት ቤቱ ማቀዝቀዣ አጥንት ያቀዘቅዛል፤ ሹራቡም ነገ እመልሰዋለሁ ነገ እመልሰዋለሁ እንደተባለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኤርሰልን ላለማየት በሌላው መንገድ ዞራ ነው የምትሄደው።

ሻኖያ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች፤ እየሮጠችም ሹራቡን አወለቀች።

«አክስቴ ኤርሰል፣ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፣ በእናቴ ሞት…»

«እናትሽ ትላንት ከኔ ብርቱካን ገዝታለች፣ ተያት በሕይወት» አለች ቪኔት። «አምጪው።»

«ብድር በምድር» አለች ኤርሰል። ለበሰችው። ከዚያ ወደ ደረቷ አየች። በግራ በኩል፣ ልጅቷ መድኃኒት ያፈሰሰችበትን ቦታ ለመሸፈን፣ መዳፍ የሚያህል ቢራቢሮ ተሰፍቶበታል። ቢራቢሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያብለጨልጫል።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ» አለች ኤርሰል።

«እጅጌ አለው» አለ ማስ ሴፋስ በፍጥነት። «ግቢ።»

ሦስተኛው ጥሪ ሲጠራ ከውስጥ ሆና አቤት አለች። ድምፅዋ ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ። በሕይወቷ ከሰማችው ድምፅ ሁሉ ያማረ ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አዩዋት።

«ወይዘሮ ዴከርስ፣ ደረትዎ ላይ ያለው ቢራቢሮ ነው?»

«ነው፣ ክብርት ዳኛ። ሹራቡ የኔ ነው፤ ቢራቢሮው የኔ አይደለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቁን በእጁ አፈነ። ዳኛዋ ወደ ታሎክ ዞሩ። ታሎክ መሐላውን ፈጽሞ፣ በሩዝ ጆንያ የታሰረውን ልብስ አሳየ፤ ከዛፍ ላይ እንዳወረደው፣ ሰዎች ልብስ ወስደው ሳንቲም ሲሰጡ እንዳየ መሰከረ። የሚናገረው እጁን ወደ ፊት ሳይዘረጋ ነው፤ ከዘረጋ እጅጌው ይቀደዳል።

«አቶ ታሎክ» አሉ ዳኛዋ፤ «የለበሱት ኮት የእርስዎ ነው?»

ታሎክ ያጠረችውን እጅጌ ቁልቁል አየ። መዋሸት ግን አይችልም፤ በመጽሐፉ ምሏል፣ ደግሞም ማስታወቂያ የሚያከብር ሰው ነው።

«የኔ አይደለም፣ ክብርት ዳኛ።»

«የማን ነው?»

«የተከሳሿ።»

አንድ ሰው ከኋላ አስነጠሰ፤ ማስነጠስ ግን አልነበረም።

«ከየት አገኙት?»

«በር ላይ። ልብሴ ጭቃ ነካው፣ መግባት አልቻልኩም። አውልቃ ሰጠችኝ።»

«አውልቃ?»

«ከላይዋ ላይ፣ ክብርት ዳኛ። ሌላ አልነበራትም። ሌላውን እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«ስንት ከፈሏት?»

«ምንም።»

«ጠየቀችዎት?»

«አልጠየቀችኝም።»

«ታዲያ ምን አለችዎት?»

ታሎክ ወለሉን አየ፤ ጆንያውን አየ፤ መጨረሻ ላይ ኤርሰልን አየ። «ስትወጣ መልሰህ ቅርንጫፉ ላይ ስቀለው አለችኝ።»

አሁን ሳቁን ያፈነ ሰው የለም። ችሎት አስከባሪው ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዳኛዋ እስኪያበቃ ጠበቁ፤ የራሳቸውም ከንፈር አንድ ጎኑ አልታዘዘላቸውም።

«ያለ ዋጋ የሚሄድና ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ ንግድ አይባልም» አሉ። «ለዚህም ከአቶ ታሎክ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። መዝገቡ ተዘግቷል። ተከሳሿ ነፃ ናቸው። አቶ ታሎክ፣ ልብሶቹን ለባለቤታቸው ይመልሱ። አሁኑኑ ይሁን። የከሰዓት ባለጉዳዮቼን በካኒቴራ ማየት አልፈልግም።»

ኤርሰል ከችሎቱ ስትወጣ ሹራቡን አወለቀች፤ አሁን የሚከለክላት የለም። የኮክ ቀለሙ ቀሚስ በደጁ ፀሐይ ላይ በራ። በጎንና ጎኑ ሁለቱ ደማቅ መስመሮች እንደ አዲስ ናቸው። ማስ ሴፋስ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ በር ላይ ሲነሣ ያየው ሰው የለም። ቆሞ መኪኖቹን በእጁ አስቆመላትና መንገዱን አሻገራት፤ ታሎክም ጆንያውን ተሸክሞ ከኋላዋ ተከተለ።

«ይኸውላችሁ ነጋዴዋ ከነኩሊዋ» አለች ቪኔት ለሰፈሩ ሁሉ። «ብርቱካን በነፃ ነው ዛሬ። ለታሎክ ግን በዋጋ።»

ታሎክ ልብሱን አንድ በአንድ ሰቀለ። መጨረሻ ላይ ኮቱን አውልቆ፣ በካኒቴራው ቀርቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ ጣል አደረገው።

«ትከሻውን አስተካክል» አለች ኤርሰል የበረዶ ሣጥኗን እየከፈተች። «ነገ የሚለብሰው ሰው አለ።»

አስተካከለው። ከዚያ ሳይሄድ ቆመ። «ሚስ ኤርሰል፣ ዝም ብለው ቢገቡ እኮ አሸንፈው ነበር።»

«ምን አደረግኩ ታዲያ? አላሸነፍኩም?»

ይህን ጊዜ ከማዶ «እጅጌ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት ወጣት እናት፣ ሕፃን በእቅፏ ይዛ፣ ባዶ ትከሻዋን በፎጣ ለመሸፈን እየታገለች መንገዱን ተሻገረች። ዓይኗ ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ሰማያዊ ኮት አየ።

«ስንት ነው?» አለች።

ኤርሰል አፏን ልትከፍት ስትል ታሎክ ቀደማት።

«የሚሸጥ አይደለም» አለና ኮቱን ከቅርንጫፉ አውርዶ ዘረጋላት። «ሲወጡ እዚሁ መልሰው ይሰቅሉታል።»